ቲራ በወተት ቤቱ ትምህርት ቤት

አበርዲን፣ ኦገስት 12 ቀን 1984

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ቪበከ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። ቤትዎም፣ ትምህርት ቤትዎም፣ ያ ሁልጊዜ የሚያስቸግርዎ ጉልበትዎም ደህና ይሁኑልኝ። እኔ አለሁ።

የአባቴ የአጎት ልጅ ስለሆኑ አክስቴ እያልኩ አደግሁ እንጂ፣ ከአባቴ ቀብር ወዲህ አንድም ቀን ጠይቄዎት አላውቅም። ዛሬም የምጽፍልዎ ቸግሮኝ ነው። ባለቤቴ ሞራግ ባለፈው ፌብሩዋሪ ማረፏን ሰምተዋል። ልጃችን ቲራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የእኔ ሥራ እንደሚያውቁት ባሕር ላይ፣ የነዳጅ ማውጫው ላይ ነው፤ ሁለት ሳምንት እዚያ፣ ሁለት ሳምንት እዚህ። እኔ ስሄድ ቲራን የምትይዛት ጎረቤታችን ናት። ደግ ሴት ናት፤ ግን የራሷም ልጆች አሉባት፣ ደክሟታል።

ቲራ ከእናቷ በኋላ ክፍል ውስጥ መናገር አቆመች። ቤት ውስጥም «እሺ» እና «አይ» ብቻ ነው። መምህሯ ዝምታዋ ንቀት መስሎት ልጆቹ ፊት አቁሞ መዳፏን በቀበቶ መታት። እጇ ማበጡን ያየሁት ከባሕር ስመለስ ነው። ሄጄ ተጣላሁ። ሰውየው ረጋ ብሎ «እዚህ ሁሉም ልጅ ሲጠየቅ ይመልሳል» አለኝ።

እርስዎ ጋ ደወል የለም፣ ልጆቹ ራሳቸው እየጠየቁ ነው የሚማሩት እየተባለ አባቴ ሲስቅበት እሰማ ነበር። ዛሬ ለእኔ ሳቁ አልመጣልኝም። እስከ ጁን ድረስ ብቻ ይይዙልኛል? ኮንትራቴ ሲያልቅ መጥቼ እወስዳታለሁ። ዴንማርክኛ ከእኔ ጋር ስለምታወራ አትቸገርም። ስታወራ ማለቴ ነው።

አይሆንም ቢሉኝም አልቀየምም።

አክባሪዎ ቶርኪል


ኤልባክ፣ ኦገስት 21 ቀን 1984

ልጄ ቶርኪል፣

ሰላምህ ይብዛ። ጉልበቴን ጠይቀኸኛል፤ እሱ እንደ ድሮው ነው፣ ደረጃ ሲያይ ያለቅሳል።

ላካት።

ይህን ብቻ ጽፌ ላቆም ነበር። ግን ልጅህን ምን ዓይነት ቦታ እንደምትልካት ከአባትህ ቀልድ ሳይሆን ከእኔ ብትሰማው ይሻላል። ትምህርት ቤታችን የድሮው የገበሬዎች ወተት ቤት ነው። አይብ ይቀመጥበት የነበረው ክፍል አሁን የእንጨት ሥራ ቤት ሆኗል፤ ጠረጴዛዎቹን በልጆቹ ቁመት ልክ አሳጥረናቸዋል፣ መጋዙ ግን የእውነት መጋዝ ነው። ምሳ የሚሠሩት ተራ የደረሳቸው ልጆች ናቸው፤ አንዳንድ ቀን ድንቹ ጥሬ ይሆናል፣ እንበላዋለን። ቤተ መጻሕፍቱ ቆጥ አለው፣ ቆጡ ላይ ፍራሽ አለ፤ ጋደም ብለው ያነባሉ፣ ያንቀላፋም አይቀሰቀስም። ዶሮዎች አሉን። ጀልባም አለችን፣ ግን ውኃ ታስገባለች። ጣሪያውም እንደዚያው ነው።

ልጆቹ የገረማቸውን ነገር ጽፈው ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ። ትምህርቱ የሚነሳው ከዚያ ነው። «የባሕሩ ጨው ከየት መጣ?» «ዶሮ ለምን ዓይኗን ከታች ወደ ላይ ትከድናለች?» መምህሩ መልሱን ቢያውቀውም አይናገርም፤ አብሮ ይፈልጋል። ቀላል እንዳይመስልህ፤ መናገሩ ነው የሚቀለው። ይህን ያህል ዘመን አስተምሬ አሁንም ምላሴን ነክሼ የምውልበት ቀን አለ።

ዘንድሮ ልጆቹ ጥቂት ናቸው። የዓሣ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ወጣቱ ደሴቱን እየለቀቀ ነው። ስለዚህ ውለታ እየዋልኩልህ አይምሰልህ፤ ልጅ እንፈልጋለን።

የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። አንተ ባታምንበትም፣ እግዚአብሔር ባሕር ላይ ይጠብቅህ።

አክስትህ ቪበከ


አበርዲን፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1984

ለተከበሩ አክስቴ፣

ቤትዎ ይሙቅ፣ ጤናዎ ይጠንክር። ቲራን ስለተቀበሉልኝ ምስጋናዬን የምገልጽበት ቃል አጣሁ።

ልጄ መሄዷ ቤቱን ጸጥ አደረገው ልልዎ ነበር፤ ግን ድሮም ጸጥ ያለ ነበር።

ጥቂት ነገር ልጠይቅዎ። ማባዛት የት ደረሰች? እዚህ ሰባትን እየጀመሩ ነበር። የምታነበው መጽሐፍ የትኛው ነው፣ ምን ያህል ገጽ ሄደች? የሚታረም ደብተር ካላት ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። እኔ የተማርኩት በዱላ ነው፤ ሌላ መለኪያ ስለማላውቅ ይታገሱኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ስለ እናቷ ባታነሱባት ጥሩ ነው።

አክባሪዎ ቶርኪል


ኤልባክ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1984

ልጄ ቶርኪል፣

በሰላም ወጥተህ ግባ። እዚህ ከሰዓት ላይ ይጨልማል፤ መምህራኑም ልጆቹም እኔም አፋችንን እየከፈትን እናዛጋለን።

የሚታረም ደብተር የለንም። ስለዚህ ያየሁትን ልንገርህ።

መጀመሪያ ላይ ቲራ ዶሮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር የምትውለው። ማንም ግቢ አላላትም። ሞንስ የሚባል መምህር አለን፤ በር የሚያክል ሰው ነው፣ ብዙ አይናገርም። አጠገቧ ሄዶ የዶሮዎቹን መሰላል መጠገን ጀመረ። አንድም ነገር አልጠየቃትም። ቀናት አለፉ። አንድ ጠዋት ድምጿን ሰማሁ፦

«ምስማሩን እያጣመምከው ነው።»

«አውቃለሁ» አላት ሞንስ።

«ታዲያ ለምን ትመታዋለህ?»

«እጄ ትልቅ ነው። እንኪ፣ አንቺ ምቺው።»

ከዚያ መሰላሉን አፍርሳ ከመጀመሪያው ሠራችው። በየደረጃው መካከል ያለው ርቀት ለዶሮ እግር እንዲሆን ለካች፣ አካፈለች፣ ተሳሳተች፣ እንጨት አበላሸች፣ እንደገና አካፈለች። ሰባትን ታውቀዋለች ቶርኪል፤ እንጨት አስከፍሏታል። ቆጡ ላይም ታነባለች። ምን ያህል ገጽ እንደሆነ አላውቅም፤ ስትጨርስ ግን ሌላ ትወስዳለች።

ግድግዳው ላይ እስካሁን ምንም አልሰቀለችም። አልቸኮልንም።

ስለ እናቷ አላነሳንባትም። ነገር ግን እሷ ብታነሳስ? ቀብሩ እንዴት ነበር? ቲራስ ነበረች? እኔ ምንም የማውቀው ነገር የለም፤ ጻፍልኝ።

አክስትህ ቪበከ


አበርዲን፣ ዲሴምበር 9 ቀን 1984

ለተከበሩ አክስቴ፣

የገናን በዓል በደስታና በጤና ያድርስዎ።

እኔ መምጣት አልቻልኩም። አንድ ባልደረባዬ ሕፃናት ስላሉት ተረኛነቱን ወስጄለታለሁ። ለቲራ ሹራብና የእጅ ሰዓት ልኬያለሁ፤ ሹራቡ ከዚህ የተገዛ ነው፣ ሱፍ ነው። የመሰላሉን ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ሌላውን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። እዚህ ነፋሱ አያስተኛም።

አክባሪዎ ቶርኪል


ኤልባክ፣ ጃንዋሪ 13 ቀን 1985

ልጄ ቶርኪል፣

አዲሱ ዓመት ካለፈው ይቅለልህ።

ሹራቡ ጠበባት። ለባለፈው ዓመት ልጅ ነው የገዛኸው። ግን አላወልቅም ብላ እጅጌው ክንዷ ላይ ቀርቶ ትለብሰዋለች። የገና ዕለት የሩዝ ገንፎውን አብረን ሠራን፤ መርከቡ የሚመጣበትን ሰዓት ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፣ ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም።

ግድግዳው ላይ አንድ ነገር ሰቅላለች። ልጆቹ ሁሉ ገብተውበታል፤ ከባሕር ወፎች ጋር የተያያዘ ሥራ ነው። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ አሁን ታወራለች።

እኔ የጠየቅሁህን አልመለስክልኝም።

አክስትህ ቪበከ


አበርዲን፣ ማርች 3 ቀን 1985

አክስቴ፣

ሰላምታውን ይለፉኝ። ከቲራ ፖስት ካርድ ደርሶኛል። ፊቱ ላይ የመርከብ ሥዕል አለ። ጀርባው ላይ እንዲህ ይላል፦ «አባዬ፣ ወፉን ዛሬ እንደገና ቆፍረን አወጣነው። መጀመሪያ የሚጠፋው ዓይኑ ነው። አፈር ውስጥ ያለው፣ ውጭ ካለው ዘግይቶ ነው የሚፈርሰው። ሞንስ ለምን እንደሆነ ራሳችሁ ድረሱበት ብሎናል። ኤባ የምትባለዋ ቀባሪ ጉድጓድ አሳየችን። ደህና ሁን።»

ይህን ያነበብኩት ምግብ ቤት ውስጥ፣ በሰው መካከል ነው። ሳህኔን ትቼ ተነሳሁ።

አደራ ብዬዎት አልነበረም? እናቷ የሞተችባትን ልጅ፣ ሬሳ ታስቆፍራላችሁ? ያ ቀበቶ ያነሳ ሰውዬ ቢያንስ የመታው እጇን ነው። በሚቀጥለው ዕረፍቴ መጥቼ እወስዳታለሁ።

ቶርኪል


ኤልባክ፣ ማርች 11 ቀን 1985

ልጄ ቶርኪል፣

መቆጣትህ አልገረመኝም። የዘገየ ነው እንጂ የበዛ አይደለም። ስለ ወፎች ብቻ የጻፍኩልህ እውነቱን ፈርቼ ነው። አሁን ሁሉንም እነግርሃለሁ።

ከገና በፊት ቲራ ግድግዳው ላይ የሰቀለችው ይህ ነበር፦ «ሰው ሲሞት የት ነው የሚወስዱት?»

ሞንስ ወረቀቱን አይቶ እኔ ዘንድ መጣ። «ቪበከ፣ ይህንን ምን ላድርገው?» አለኝ። ማውረድ እንችል ነበር። ነገር ግን የዶሮውን ዓይን ተቀብለን ይህንን ካወረድን፣ ልጆቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ደስ የሚለንን ብቻ ነው የሚጽፉት። ስለዚህ ተውነው። ጠዋት ተሰብስበን ስንቀመጥ ማንም አልሳቀም። አንዱ ትንሽ ልጅ «የእኛ ድመት ፖሙ ዛፍ ሥር ናት» አለ። ሌላዋ «አያቴ ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ነው፣ ድንጋይ አለው» አለች። ቲራ ሁሉንም ሰማችና «ግን በምን ታውቃላችሁ?» አለች።

እንግዲህ ሥራው ይህ ሆነ። ባሕሩ ዳር ሁለት የሞቱ ወፎች አገኙ። አንዱን ቀበሩ፣ አንዱን ድመት እንዳይወስደው በሽቦ ወንፊት ከደኑት፤ በየሳምንቱ እያዩ ይሥላሉ። ከዚያ የመቃብሩን ቦታ ወደምትጠብቀው ወደ ኤባ ሄድን። ኤባ ጉድጓድ እንዴት እንደሚለካ፣ በረዶው መሬቱን ሲያጠነክረው እንዴት እንደሚቆፈር አሳየች። ቲራ ጠየቀቻት፦

«ሳጥኑ ውስጥ ሰውየው መኖሩን ከፍተሽ ታያለሽ?»

«አላይም።»

«ባይኖርስ?»

ኤባ አካፋዋን ተደገፈች። «የሚቀብሩት ሰዎች ያውቃሉ። እኔ እነሱን አምናለሁ» አለቻት።

«እኔን ማንም አልጠራኝም» አለች ቲራ።

ያን ቀን ነው ሁሉንም የተናገረችው፣ መቃብሩ መካከል፣ በልጆቹ ሁሉ ፊት። የቀብሩ ዕለት ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን እያየች ነበር። ወደ ቤት ስትመለስ ኮሪደሩ ላይ እርጥብ ጥቁር ካፖርቶች ተሰቅለው አየች። እናቷ መቀበሯን የሰማችው በማግስቱ፣ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ፣ ከአንዲት ልጅ ነው። ልጅህ ሬሳ አልተመራመረችም ቶርኪል። እውነት መሆኑን ነው የፈለገችው።

ሁሉም ወላጅ ደስ አላለውም። ፕሬበን የሚባል አሳማ አርቢ አለን፣ መንትያ ልጆቹ እኛ ጋ ናቸው። ቦት ጫማውን ሳያወልቅ ቢሮዬ ገባ።

«ቪበከ፣ ልጆቼ እራት ላይ የሚያወሩት ስለ ትል ነው!»

«አሳማ ታርድ የለ? ቆመው አያዩም?»

«አሳማ ሌላ፣ ይህ ሌላ! አሳማ እኮ ይበላል!»

ሁለታችንም ልንስቅ ደርሰን ነበር። ከዚያ ቆቡን አውልቆ ተቀመጠ። «ሚስቴ እናቷን ቀብራ ዓመት አልሞላትም። ልጆቹ ትናንት ‘አያታችን አሁን ዓይን አላት ወይ’ ብለው ጠየቋት። ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች፤ እስካሁን አላናገረችኝም» አለ። ልክ ነበር። ስለ ቲራ አስቤ ስለ እሷ አላሰብኩም ነበር። ልጆቹን አወጣቸው።

ልትወስዳት ከመጣህ ና። ክፍሏ ሙቅ ነው፣ ለአንተም ፍራሽ አለ።

አክስትህ ቪበከ


ኤልባክ፣ ኤፕሪል 28 ቀን 1985

ልጄ ቶርኪል፣

በሕይወት እንዳለህ የማውቀው ቲራ የላክህላትን ቸኮሌት ስላሳየችኝ ነው። ከቸኮሌቱ ጋር ደብዳቤ አልነበረም። አልመጣህምም።

ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነው። ከፕሬበን በኋላ ሌሎችም ልጆቻቸውን አስወጡ፤ መንግሥት ደግሞ ልጆቹ ከዚህ በታች ከሆኑ አልረዳችሁም የሚለው ቁጥር አለ፣ ከዚያ ወረድን። ለመዝጋት በተደረገው ስብሰባ ላይ እጅ ሲወጣ ፕሬበን ራሱ አቀርቅሮ ነበር፤ ወጥቶ ጀልባዋን ሲነካካ አየሁት። በቲራ ምክንያት ነው ብለህ እንዳታዝን። ፋብሪካው ነው፣ ጣሪያው ነው፣ የእኔ እርጅና ነው። እሺ፣ ትንሽ በቲራም ነው። ግን ዛሬም ብጠየቅ ያን ወረቀት ከግድግዳው አላወርደውም። እንዲያው ደክሞኛል፤ የማርፍበትን ቀን መጥላቴ ብቻ ነው የሚገርመኝ።

ይህን የምጽፍልህ ግን ለሌላ ነው። ትናንት ሳህን ስናጥብ ቲራ እንዲህ አለችኝ፦

«ሁሉንም ሰው ጠይቄያለሁ። የቀረኝ አባዬ ነው። የት እንደወሰዳት እሱ ያውቃል አይደል?»

«ያውቃል።»

«ታዲያ ለምን አይነግረኝም?»

አንተ ካልነገርካት በቀር ይህን ትምህርት ሊጨርስላት የሚችል ትምህርት ቤት የትም የለም።

ቪበከ


አበርዲን፣ ሜይ 9 ቀን 1985

ለተከበሩ አክስቴ፣

የእጅ ጽሑፌ ካስቸገረዎ ይቅርታ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ይህንን ለቲራ ያንብቡላት፣ ልክ እንደተጻፈው፣ ሳያሳምሩ።

ቲራ፣ ያን ቀን እኔ ባሕር ላይ ነበርኩ፣ አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ። እማዬ ራሷን አመማትና ሶፋው ላይ ጋደም አለች። ጎረቤታችን ስትመጣ ሞታ አገኘቻት። ሐኪሙ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሷል አለ። ማንም ምንም ቢያደርግ አትተርፍም ነበር ብሎኛል፤ እኔም ጠይቄዋለሁ። በሄሊኮፕተር አመጡኝ። ስገባ በሩ ላይ ቆመሽ «እማዬ መቼ ትመጣለች?» አልሽኝ። «ቆይ» አልኩሽ። ይኸው እስከ ዛሬ አቆየሁሽ።

አፈር ውስጥ አይደለችም። እሷ በጤናዋ ሳለች እንዳለችው ሰውነቷ በእሳት ተቃጥሎ አመድ ሆኗል። አመዱ በአንድ ሳጥን ቀብሩን ያስፈጸመው ድርጅት ዘንድ ተቀምጧል። ውሰድ ብለው ደጋግመው ደውለውልኛል። አልወሰድኩም። በዚያ መንገድ ሳልፍ ተሻግሬ በማዶው በኩል ነው የምሄደው። አንቺን ላለማሳዘን አልነበረም። ከወሰድኩት እውነት ሊሆንብኝ ነው።

በዚህ ወር መጨረሻ ሄጄ አመጣታለሁ።

አክስቴ፣ ስለ ማርቹ ደብዳቤዬ፣ ስለ ቀበቶው ያልኩትን፣ ይተዉልኝ።

ቶርኪል


ኤልባክ፣ ሜይ 16 ቀን 1985

ልጄ ቶርኪል፣

ተባረክ።

ወጥ ቤት ውስጥ አነበብኩላት። «ድገሚው» አለችኝ፣ ደገምኩት። ከዚያ ጥቁር ዳቦዋ ላይ የተፈጨ ጉበት ቀብታ እስከ መጨረሻው በላች። አልቅሳለች፣ ግን ከበላች በኋላ ነው፣ እኔም አብሬያት። የምትልህ አንድ ነገር ነው፦ «ያለ እኔ እንዳይሄድ በይው።»

ሞንስ ያመጣታል። «ከጁን ጀምሮ ሥራ ስለሌለኝ መንገድ ብለማመድ ይሻላል» ይላል።

አክስትህ ቪበከ


አበርዲን፣ ጁን 2 ቀን 1985

ለምወድዎ አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ ዕረፍትዎንም እንዳይጠሉት ያድርግልኝ። ሞንስ በደህና እንደገባ ሰምቻለሁ። የእኛን በር ማጠፊያ ሳይጠግን አልሄደም፤ ምስማሩን ቲራ መታችለት።

እኔ ከባሕሩ ወርጃለሁ። ወደቡ ላይ መጋዘን ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ማታ ማታ ቤቴ ነኝ። ለቲራ ሌላ ትምህርት ቤት እየፈለግን ነው። እንደ እናንተ ያለ እዚህ የለም። በየሄድንበት መምህሩን የምትጠይቀው እሷ ናት፣ እኔ ኮፍያዬን ይዤ ከኋላ እቆማለሁ።

ትናንት ሄድን። ሰውየው ሳጥኑን በሁለት እጁ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ለእኔ ነበር የሚያወራው። ቲራ አቋረጠችው፦

«ሁሉም እዚህ ውስጥ ነው?»

ሰውየው እኔን አየ። እኔ «ለእሷ ይመልሱላት» አልኩት።

«ከእሳቱ የተረፈው ሁሉ እዚህ ነው» አላት።

«የእሷ መሆኑን በምን ያውቃሉ?»

ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ አላውቅም ምን እንደማደርግ። ግን ተቀመጠ፣ በቁመቷ ልክ ዝቅ ብሎ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት ስሟን ከእሷ ሳይለዩ እንደሚጠብቁ አስረዳት። ስትሰማው ቆይታ «እሺ፣ አምናለሁ» አለችው። ከዚያ ዞር ብላ እጄን ያዘች። እኔ እስከዚያች ሰዓት አላለቀስኩም ነበር።

ወደ ቤት የተመለስነው በአውቶቡስ ነው። ቅዳሜ ስለነበር ሰው ሞልቶ ነበር። ቲራ ሳጥኑን በመስኮቱ በኩል አስቀመጠችው፣ ካፖርቷን አለበሰችው፣ እሷ አጠገቡ ተቀመጠች፣ እኔ ቆምኩ። ቀጥሎ ባለው ፌርማታ አንዲት ትልቅ ሴት ዘንቢል ይዘው ገቡና በካፖርት የተሸፈነውን ወንበር አዩ።

«ልጄ፣ ይህን ዕቃሽን ብታነሺልኝ?» አሏት።

ቲራ ቀና ብላ አየቻቸው። ድምጿ ያ ክፍል ውስጥ ጠፍቶ የነበረው ድምጿ ነው፤ አውቶቡሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማው።

«ይቅርታ» አለቻቸው፣ «ሰው አለበት።»

ቶርኪል